ሞጣ ላይ የበረረችው አውሮፕላን

የጉሎ ፍሬ በላምባ ምድጃ ላይ ሲቆላ የሚወጣውን ከባድ ሽታ ከብዙ ዓመት በኋላ ሞጣ ውስጥ በአንድ ግቢ አጥር ሥር ሳልፍ አገኘሁትና እግሬ ተሳሰረ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ያልፍ ነበር፤ እኔ ግን አጥሩን ተደግፌ ቆምሁ። በልጅነቴ ቤታችን እንዲህ ይሸት ነበር፣ የወንድሜ የሙሉቀን ሸሚዝም፣ የእኔም ጠጉር።

ቤታችን ቢቸና ገበያው ዳር ነበር። አባታችን የወፍጮ መካኒክ ነበሩ፤ እኔ ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ታመው ሞቱና ባሕር ዳር ቴክኒክ ይማር የነበረው ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን አቋርጦ መጥቶ በእሳቸው ቦታ ገባ። ሲመጣ ከልብሱ ሌላ ይዞት የመጣው ነገር በጨርቅ የተጠቀለለች፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሞተር ነበረች። ሩሲያዊ አስተማሪው ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠው ነው። እማዬ ጨርቁን ገልጣ አየችና «ከዚያ ሁሉ ትምህርት የተረፈህ ይህ ነው?» አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ፣ «ስትነሣ ትሰሚያታለሽ» አላት።

ክረምት ሲገባ የወፍጮው ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ሞተሯን በወፍጮ ቤቱ ጣውላ ላይ በብሎን አስሮ ያለማምዳት ነበር። ነዳጇን የሚቀምመው ራሱ ነው፤ ላምባው ከሱቅ፣ የጉሎ ዘይቱ ከጓዳችን፣ ማደንዘዣው ኤተር ጤና ጣቢያ ከሚሠራ ጓደኛው ይመጣ ነበር። ባሕር ዳር ላይ የተስተካከለችው ሞተር ቢቸና ላይ አየሩ ስስ ሆኖባት ትታፈንና ዘይት እየተፋች ትቆም ስለነበር፣ ከጎኗ ያለችውን የነዳጅ መርፌ ትንሽ ዘጋ፣ አናቷ ላይ ያለችውን ብሎን ትንሽ ጠበቅ እያደረገ፣ ከእንጨት የጠረባትን ውልብልቢት በጣቱ ይመታ ነበር። ሞተሯ ስትነሣ ውልብልቢቷ ጣቱን ትቆርጠዋለች፤ እሱም ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ይመጥና እንደገና ይሞክራል። እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ድምፅ መለየት ያስተማረኝ ያኔ ነው።

«ትርንጎ፣ አሁን ምን አለች?»

«ጠማኝ አለች፣ ጋሼ።»

መርፌዋን ከፈት ያደርግና «አሁንስ?» ይለኛል።

«አሁን በዛብኝ አለች።»

ዝናቡ አቁሞ ሜዳው ሲደርቅ ለሞተሯ የምትሆን ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። አጥንቷን ከሸንበቆ ሰነጠቀ፣ ሆዷን ከደረቀ ቁልቋል ፈለፈለ፣ ክንፏን ስስ ወረቀት አለበሰ። ይህች አውሮፕላን እንዳሻት የምትሄድ አልነበረችም፤ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ታስራ፣ ሙሉቀን መሐል ቆሞ የሽቦውን እጀታ ይዞ እየተሽከረከረ፣ እሷ በዙሪያው የምትበር ነበረች። እጀታውን ወደ ላይ ሲያዘነብለው ሽቅብ ትወጣለች፣ ወደ ታች ሲያዘነብለው ትወርዳለች። የእኔ ሥራ የሞተሯ ድምፅ እስኪጠራ ድረስ ጭራዋን ይዤ መቆየትና ጠርቷል ስል መልቀቅ ነበር። የምትነሣበትን ጊዜ እሱ አልነበረም የሚወስነው፣ ጆሮዬ ነበር፤ እኔ ካልለቀቅኋት አትበርም፤ ለዚህም ነው ከብት ተራው ሜዳ ላይ ስንወጣ ከእኔ በላይ የሚኮራ ልጅ ያልነበረው።

ያስቸገረን አየር ላይ መገልበጡ ነበር። በሆዷ ስትበር ደህና የነበረችው ሞተር በጀርባዋ ስትበር ነዳጅ እያጠራት ትጮህና ትጠፋ ነበር። መሬት ላይ ትከሰከሳለች፤ ስብርባሪዋን ለቅመን ወደ ቤት እንመለሳለን። ሙሉቀን መርፌዋን ሲነካካ ከርሞ፣ በመጨረሻ የነዳጅ ቆርቆሮዋ ከሞተሯ ከፍ ብላ መታሰሯን ደረሰበት። ከሥሯ የወተፋትን እንጨት ላጥ አድርጎ ዝቅ ሲያደርጋት ግን በሆዷም በጀርባዋም ድምጿ አንድ ሆነ። የዚያን ቀን ሰማይ ላይ ክብ ስትሠራ ገበሬው ጭነቱን አቁሞ አየ፤ እማዬም በሩ ላይ ወጥታ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና አየች።

በጋው ሲያልቅ አፈሳው መጣ። በስብሰባ ላይ ብሔራዊ ውትድርና ይሉታል፤ በእኛ ሰፈር ስሙ አፈሳ ነበር። ጎረምሶች ከቤታቸው ማደር ትተው ነበር፤ እናቶችም ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይሉ ነበር። ሙሉቀን ተማሪ አይደለም፣ ባለ ትዳርም አይደለም፣ ማምለጫ አልነበረውም። በዚህ መካከል አንድ ቀን የአውራጃው ካድሬ ሜዳው ዳር መኪናውን አቁሞ በረራውን እስከ መጨረሻው ተመለከተ። አውሮፕላኗን አንሥቶ አገላብጦ አያትና በሯ ላይ ቆማ ታይ ወደነበረችው እማዬ ዞሮ፣ «እናቴ፣ ይህ ልጅ ምሽግ ውስጥ የሚባክን ልጅ አይደለም። የመስከረሙ የአብዮት በዓል ትርዒት ሞጣ ላይ ነው። እዚያ በደንብ ያብርራት፤ እኔ ራሴ የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ» አላት።

እማዬ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ያቺ ሞተሯን የናቀችው ሴት አልነበረችም። የጉሎውን ዘይት ራሷ ጨምቃ፣ በነጠላዋ ጫፍ እያጠለለች፣ «ጉድፍ እንዳይገባባት አደራ» ትለኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ስትጸልይ የምሰማው ስለዚያች ሞተር ነበር።

ለበዓሉ በእህል መኪና ተጭነን ሦስታችንም ሞጣ ገባን፤ ያረፍነውም የአባታችን የጥንት ወዳጅ በነበሩት ነጋዴ በሐጂ ኑሩ ቤት ነበር። ጠዋት ሞተሯን ሞክረን፣ ድምጿ ጠርቶ፣ ሙሉቀን ገና እጁን ሲጠርግ ካድሬው ረጅም ቀይ ጨርቅ ይዞ መጣ።

«ይቺን ከጭራዋ ላይ እሰርባት።»

«ጓድ፣ ትከብዳታለች። ሞተሯ የተስተካከለችው ያለ ጨርቅ ነው።»

«አስተካክላታ! ለምን ተማርህ?»

ሙሉቀን ጨርቁን አሰረ፣ ሰፊውን ውልብልቢት አውልቆ ጠበብ ያለውን ገጠመ፣ ብሎኗን እያጠበቀ እኔን ያየኝ ነበር። ፊቱ ላይ ላብ ነበር፤ በሞተር ጉዳይ ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ገና» አልሁት። መርፌዋን ነካ አደረገ። «ገና።» እንደገና ነካ አደረገ። «ጠርቷል» አልሁና ለቀቅኋት።

በረረች። ቀዩን ጨርቅ እየጎተተች ሽቅብ ወጣች፣ በጀርባዋ ተገለበጠች፣ መሬት ልትነካ ደርሳ ቀና አለች። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ነዳጇ አልቆ በቀስታ ስታርፍ ከመድረኩ ላይ ድምፅ ማጉያው፣ «ይህን ትርዒት ያቀረበልን ወጣት ሙሉቀን ለእናት አገሩ ጥሪ በፈቃዱ ምላሽ ሰጥቶ፣ ዛሬ ከዘማች ጓዶቹ ጋር ይሸኛል!» አለ። እማዬ የልጇን ስም በድምፅ ማጉያ ሰምታ እልል አለች። ሰዉ ተቀበላት፤ እሷም ደገመች። ሐጂ ኑሩ ብቻ በሰው መሐል ጥሰው መጡና እጇን ያዙ። «ተይ፣ እህቴ፣» አሏት፣ «እልል አትበይ። ወሰዱብሽ እኮ።»

ሙሉቀን እጀታውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ሁለት ታጣቂዎች ወደ እሱ ሲመጡ እጀታውን ለእኔ ሰጠኝና፣ «ውስጧን በላምባ እጠቢያት፤ ጉሎው ከደረቀባት ትነክሳለች፣ አትዞርም» አለኝ። እማዬ ካድሬውን ልብሱን ይዛ፣ «ጥገና ብለውኝ ነበር! ትምህርት ቤት ብለውኝ ነበር!» ስትለው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቆ፣ «አገር ስትጠራ ምርጫ የለም፣ እናቴ» አላት። አውሮፕላኗንም ለኤግዚቢሽን ትቀመጣለች ብሎ ከነሞተሯ ወሰዳት።

ወደ ቢቸና ተመልሰን በማግስቱ የዘማቾቹ መኪኖች ወደ ደጀን፣ ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ በከተማችን አለፉ። እማዬ ዳቦ በመሶብ ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። መኪኖቹ አልቆሙም፤ የትኛው ላይ እንደነበርም አላየነውም።

የዚያን ዓመት በጋ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ለእማዬ ጉዳይ ስላክ አውሮፕላኗን ከካድሬው ወንበር በላይ ተሰቅላ አየኋት፤ ክንፏን አይጥ በልቶታል። ካድሬው ስልክ ሲያናግር ተንጠራርቼ ውልብልቢቷን ነካሁ፤ አልዞረችም። ጉሎው ውስጧ ደርቆ ነበር። ሞተሯን እንዲሰጠኝ ብለምነው የሕዝብ ንብረት ናት አለኝ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት አንድ የሰፈራችን ልጅ እግሩን ትቶ ከሰሜን ተመለሰ። ሙሉቀንን አንድ ጊዜ የተበላሸ ጀነሬተር ሲጠግን እንዳየው፣ ከዚያም መትረየስ ተሸክሞ ከሌሎች ጋር ተራራ ሲወጣ እንዳየው፣ ከወጡት ውስጥ የወረደ እንደሌለ ነገረን። እማዬ ያለ ሬሳ አለቀሰች። ደርግ ሲወድቅ በሕይወት የነበሩት እየተንጠባጠቡ ሲመለሱ ግን እርሟን ያወጣችው ሴት ወንበሯን አውጥታ መንገዱ ዳር ተቀመጠች፤ ያስገባት ዝናቡ ነው። ከዚያ በኋላ በሰው ሠርግም ቢሆን አፏን ለእልልታ ስትከፍት አላየሁም፤ እንደዚያው ሆና ሞተች።

ሙሉቀን የሄደበትን ዕድሜ ዛሬ የእኔ ልጅ አልፎታል። እጁ አያርፍም፤ የሞተ ሬዲዮ ያስነሣል፣ ከወዳደቀ ዕቃ የእህል ማበጠሪያ ሠርቶ ጎረቤቱን ሁሉ አስገርሟል። ባለፈው ዓመት ባለሥልጣናት በሚገኙበት ትርዒት ላይ እንዲያቀርበው ሊጠሩት የመጡትን ሰዎች ታሟል ብዬ ከበር መለስኋቸው። ብዙ ቀን አኮረፈኝ፤ ከዚያ «እማዬ፣ ጊዜው እኮ ሌላ ነው» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው፤ አላውቅም። ያኔ እኛ ሙሉቀንን ሰው እንዲያይልን ይዘነው ወጣን፤ እኔ ልጄን ሰው እንዳያይብኝ በር እዘጋለሁ።