ተረኛ የቆመለት እንቅልፍ

ልጅ እያለሁ ከሰው ሁሉ አብልጬ የምጠረጥረው አንድ አልጋ የምትጋራኝን አክስቴን ታደለችን ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ባሏ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ፌስታል ልብስና አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛ ከደጋው ከቡሌ ወደ እኛ ቤት፣ ወደ ዲላ መጣች። ትርፍ ቦታ ያለው የእኔ አልጋ ብቻ ስለነበር እኔ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ፣ እሷ ዳሩን ያዘች። ብርድ ልብሱ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። የቡሌ ብርድ አብሯት የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ጥርጣሬዬ የጀመረው በጣቷ ነው። ጠዋት ስነቃ የአክስቴ ጣት አፍንጫዬ ስር ይሆናል። ዓይኔን ስገልጥ ቶሎ ታነሳውና የተኛች ትመስላለች። አለመተኛቷን ግን ልጅም ሆኜ አውቀዋለሁ፤ የተኛ ሰው አተነፋፈስ እንደዚያ አይደለም።

ቀን ቀን አንድ መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ የገለባው ሽታ ከሩቅ ይቀበለኛል። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። አክስቴ መሃላቸው አንገቷ እየወደቀ ታንጎላጃለች።

«ታዱ! ደህናውን ጥለሽ ጥቁሩን አስቀረሽው እኮ! ዛሬም በሕልምሽ ነው የምትለቅሚው?» ይሏታል። ይሳሳቃሉ። እሷም ትንሽ ፈገግ ትልና ዓይኗን በመዳፏ ታሻለች።

ቤት ውስጥም ነገሯ ሁሉ ተበላሸ። ወጥ ላይ ጨው ጨምራ ረስታው ደግማ ትጨምራለች። ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል ትላለች። ሰው ሳይናገራት ታለቅሳለች። ልብሷ እየሰፋት ሄደ። ጎረቤታችን የብርቱካን እናት አንድ ቀን በራፋችን ላይ የእናቴን ፀጉር እየሠራች፣

«አንቺ እኮ የዋህ ነሽ። ቀን ስታንቀላፋ የምትውል ሴት ማታ የት ቆይታ ነው?» አለቻት።

«የትም አትሄድም። ልጄ አጠገብ ነው የምታድረው።»

«እኮ! ልጅሽ አጠገብ!» አለችና ዞራ አየችኝ።

ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት ያሰመርኩት መስመር ላይ በአንድ እግሬ እንደቆምኩ ቀረሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ጣት ያስፈራኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዓይናፋር ነበርኩ፣ ደግሞም ምን ብዬ እንደምናገር አላውቅም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እስከ ግንባሬ ተሸፋፍኜ መተኛት ጀመርኩ። ይህ ነገሩን አባሰው። ብርድ ልብሱን ከፊቴ ላይ ቀስ አድርጋ መግለጥ አመጣች።

እናቴ ደግሞ የራሷ ጥርጣሬ ነበራት። አክስቴ እሁድ እሁድ ስብከት ላይ ስታንቀላፋ ስላየች የእንቅልፍ መንፈስ ነው አለች። የቤተ ክርስቲያናችንን የሴቶች ጸሎት የምትመራው እትዬ ወርቅነሽ ነበረች፤ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ ስትገባ ልጆች የሚበታተኑላት ሴት። ሴቶቹ ተመካክረው ሰንሰለት ጸሎት ያዙላት። ሌሎቹ በየሰዓቱ ተራ እየተቀባበሉ ይጸልያሉ፣ ተራው ያልደረሰ ጋደም ይላል። ጉዳዩ የእሷ ስለሆነ አክስቴ ግን በሁሉም ተራ ተንበርክካ ታድራለች። ስታዘነብል በክርን ነካ ያደርጓታል። በቅን ልብ ነበር ያደረጉት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አክስቴ ሥራ ላይ ወደቀች። የለቀመችው ቡና ተበተነ፣ ቅንድቧ ተሰነጠቀ። ካቦው ሁለተኛ እንዳትመጣ አላት። እናቴ ያን ዕለት ደክሟት ነበር መሰለኝ፣ «እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። የባልሽ ወንድም ቅዳሜ ይምጣና ቡሌ ይውሰድሽ» አለቻት። አክስቴ አልተከራከረችም። ያን ብርድ ልብስ አጥፋ ፌስታሉ ላይ አስቀመጠችው። የምፈራት ሰው ልትሄድልኝ ነው፤ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ደስ አላለኝም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እትዬ ወርቅነሽ ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣች። የአክስቴን ቅንድብ ጠጋ ብላ አየችና፣

«ታደለች፣ እውነቱን ንገሪኝ። ማታ ማታ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልጅቷን አዳምጣለሁ።»

«ምኗን?»

«ትንፋሿን።»

እናቴ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። አክስቴ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። «ያን ቀን እንሰት ስፍቅ ውዬ ደክሞኝ ነበር። ባሌ ትንሽ ያስለዋል እንጂ ደህና ነው። ተኛሁ። ጭልጥ ብዬ ተኛሁ እትዬ። ጠዋት ስነካው ቀዝቅዟል። ብነቃ ኖሮ ውኃ እንኳ ባቀመስኩት። አሁን እንቅልፍ ሲመጣብኝ ይህችም ልጅ...»

እትዬ ወርቅነሽ በራሷ የተናደደች ይመስል፣ «እኛ ደግሞ ይህችን ነው ንቂ ንቂ ስንላት የከረምነው!» አለች። ተነስታም በርጩማዋን አልጋው አጠገብ አስጠጋች። «በሉ፣ ተራው ይቀየር። እኛ እንነቃለን፣ እሷ ትተኛለች። ልጅቷን ሰው እየጠበቃት አንቺ ምን አስነቃሽ? ነይ፣ ጋደም በይ።» ወደ እኔም ዞረች። «አንቺም ነይ፣ አጠገቧ ተኚ። ጮክ ብለሽ ተንፍሺ፣ ይሰማት!»

ተነፈስኩ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እንደ በሬ ተነፈስኩ። ሴቶቹ በሹክሹክታ ይጸልያሉ። ትንሽ ቆይቶ የብርቱካን እናት ብቅ አለች።

«ምነው? ማን ታመመ?»

«ዝም በይ! ሰው ተኝቷል!» አለቻት እናቴ።

የብርቱካን እናት ያላመነች መሆኗ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ቢሆንም ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና የሚቀጥለውን ተራ ያዘች። አክስቴ አፏን ከፍታ እስከ ማግስቱ ተኛች።

ቅዳሜ የባሏ ወንድም መጣ። አክስቴ እንደገና ተኝታ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ተኝታለች፤ አትቀሰቀስም» አለችው። ቆጮ በልቶ፣ ትንሽ አጫውቶን ብቻውን ተመለሰ። የመጠበቁ ተራ አክስቴ ራሷ «ይበቃል፣ ሂዱ ተኙ» እስክትል ድረስ ቀጠለ። ጤና ጣቢያም ተወሰደች፤ ከቀትር በኋላ ቡና እንዳትጠጣ ሲነግሯት በቡናው አገር በጌዴኦ ይህ እንዴት ይሆናል ተብሎ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ቀስ በቀስ ልብሷ ልኳ ሆነ፣ መጋዘንም ተመለሰች።

ዛሬ ስለ እንቅልፍ የማይመክር የለም። ስልክሽን አርቂ፣ በሰዓቱ ተኚ፣ እንቅልፍ ሲጎድል ደም ግፊት ይጨምራል፣ ጭንቀት ይበዛል ይሉናል። እውነት ነው፣ ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት ይህንኑ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ስለ ፍራሹና ስለ ስልኩ ሲወራ፣ ምን ፈርተሽ ነው የምትነቂው ብሎ የሚጠይቅ ስለማይሰማኝ ይሆናል።

እዚሁ ዲላ በተከራየሁበት ግቢ ጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ልጅ አለች። መብራቷ ሌሊቱን ሁሉ ይበራል፤ እኔም ነቅቼ ነው የማየው። ጠዋት ቧንቧው ጋ ስንገናኝ «እንዴት አደርሽ?» እንባባላለን፤ ሁለታችንም «ደህና» እንላለን፤ ሁለታችንም አንተማመንም። ትናንት ግን «ደህና» ካለችኝ በኋላ እንደ ልማዴ አንገቴን ደፍቼ አላለፍኩም።

«እውነት ተኝተሽ ነው?» አልኳት።

መጀመሪያ በጥርጣሬ አየችኝ። ከዚያ ባልዲዋን አስቀመጠችና የቧንቧው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።