አክስቴ መሳቢያ አትከፍትም

አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ የተጨማደደ አንሶላ ካየች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ጉልበቷን ከታከመች ወዲህ ግን ከሦስተኛ ፎቅ ቤቷ ወርዳ አታውቅም። ሐኪሙ "ካልተራመዱ ጉልበትዎ እንደታጠፈ ይቀራል" ብሎ አስጠንቅቋታል። እሷ እቴ! "ነገ" ትላለች። የአክስቴ ነገ ደግሞ የማይነጋ ነገ ነው።

ልመናም ቁጣም አልሆን ሲለኝ ላፕቶፔን ይዤላት መጣሁ። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነሽ፤ ያየሽውን እየነካካሽ፣ ዕቃ እየሰበሰብሽ፣ ቁልፍ ፈልገሽ ትወጫለሽ። ክፍሉ ግን ጤና የለውም። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከረባት ያሰረ ዓሣ ተንጠልጥሏል፤ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ጨረቃ ተኝታለች፤ የግድግዳው ሰዓት ውሃ ያንጠባጥባል።

"ከዚህ ከወጣሽ፣ ከእኔ ጋር ደረጃውን ትወርጃለሽ" አልኳት።

"እሺ" አለች ሳታንገራግር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዓሣው አልደነቃትም። "ከዚህ የባሰ እንግዳም ነበረን" አለች። ያስቸገራት የራስጌው መሳቢያ ነው።

"ክፈችው እንጂ እትዬ።"

"የሰው መሳቢያ? ባለቤቱ በሌለበት?"

"ጨዋታ እኮ ነው፤ ባለቤት የለውም።"

"መብራቱ በርቶ፣ አልጋው ተተኝቶበት፣ ባለቤት የለውም ትይኛለሽ?"

ዕቃውን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ ስላት ጭራሽ ቱግ አለች። "ከእንግዳ ክፍል ወደ ቦርሳዬ? እኔ?" ማውሱን እንደ መወልወያ ይዛ ምንጣፉን ስታቃና፣ ትራስ ስታስተካክል ትውላለች። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ብመጣ ያው ናት። የሙያ አመል ነው ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ። ማውሱን ነጥቄ ዓሣውን ነካካሁት፣ ትራሱን ገለጥኩት። ቁልፉ ከሥሩ ነበር፤ "ይህን ቁልፍ ከዚህ በፊት አግኝተውታል" የሚል ጽሑፍም ብቅ አለ። ዞሬ አየኋት። መስኮት መስኮቱን ታያለች።

"አግኝተሽው ነበር?"

"በመጀመሪያው ቀን።"

"ታዲያ?"

"ወደ ቦታው መለስኩታ!"

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ጠፋ። "ደረጃውን ፈራሁት፣ ልጄ" አለች። "ባልዲ ተሸክሜ ፎቅ ለፎቅ ስሮጥ የኖርኩ ሴት፣ ዛሬ ግድግዳ ተደግፌ ስወርድ ሰው ይየኝ?" አንጀቴን በላችው። ማውሱን መለስኩላት።

ላፕቶፑ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ በጣቷ አንኳኳች፤ ሳታንኳኳ በር ነክታ አታውቅማ። ቁልፉን አስገባች። በሩ ሲከፈት ከኋላው ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ደረጃ! ቁልቁል ወርዶ ደመና ውስጥ የሚገባ።

"ይኼ ደግሞ መደገፊያ እንኳን የለው" አለች። "የእኛው ይሻላል። ጫማዬን አቀብይኝ።"

ከቤት ስንወጣ ተመልሳ የአልጋ ልብሱን ጫፍ አቃናች። ደረጃው ራስ ላይ ቆምን። ክንዷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁና፣ ትቆጣለች ብዬ መለስኩት።

"ያዢኝ እንጂ!" አለች። "የሰው ዓሣ ስትነካኪ ያላፈርሽ፣ እኔን ለመንካት ታፍሪያለሽ?"