ጋሽ እንድሪስ እና ትንሿ ካሜራዬ

ወሎ ሰፈር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ፎቶ ሲያነሱ የኖሩት ጋሽ እንድሪስ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ ወደ አኼራ ሄደዋል። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለትምህርት ቤት ብላችሁ እርሳቸው ፊት የተቀመጣችሁ ሁሉ «አገጭ ዝቅ! ደስ ይበልህ እንጂ፣ ልትታሰር አይደለም!» ሲሉ ሰምታችኋቸዋል። እኔ ተማሪያቸው ነበርኩ። ይህን የምጽፈው እያለቀስኩ ብቻ አይደለም፤ እርሳቸውን አስታውሶ አለመሳቅ አልችልበትም።

መጀመሪያ ወደ ፎቶ ቤታቸው የሄድኩት ተናድጄ ነው። ወንድሜ የሰጠኝ፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ካሜራ ነበረችኝ። የሰርግ ፎቶ አንሺዎቹ ሰውየውን አጥርተው ኋላውን ያደበዝዙታል። የእኔዋ ግን ሰውየውንም፣ አጥሩንም፣ አጥሩ ላይ የተሰጣውን ካልሲም እኩል ታጠራዋለች። በዚያ ላይ የመጀመሪያ ሥራዬን ተቀብያለሁ፤ ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑት ወይዘሮ አስካለ የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ እንዳነሳ ነግረውኛል። ካሜራዬን ሲያዩ ግን «ይቺ ናት? እኔ የልጅ መጫወቻ መስላኝ!» ብለው ቅር አላቸው። አባቴ ደግሞ ይህ ሥራ ካልሰመረ ኦሎምፒያ ያለው የዘመዳችን ቢሮ ገብቼ ስልክ እንዳነሳ ቁርጡን ነግሮኛል።

ጋሽ እንድሪስ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩና ቀና አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውን ሁሉ ግድግዳ ላይ የምትለጥፊው ማስታወቂያ ነው እንዴ?»

«እና የት ላቁማቸው?»

«ካሜራዋ ትንሽ ናት፤ ብቻዋን አትችለውም፣ አግዣት። ሰውየውን ከኋላው ካለው ነገር አርቂው። ዙሙን እስከ ጥግ ሳቢው። ከዚያ አላጠራም እስክትልሽ ድረስ ቅረቢና ግማሽ እርምጃ ተመለሺ። ዓይኑ ላይ አጥሪና አንሺ።»

ይህን ብለው ሱቁን እንዳለ ትተው ወጡና ራሳቸው ሞዴል ሆኑልኝ። ከግድግዳው ራቁ። «ገና ነው ጋሼ» አልኳቸው። አሁንም ራቁ። በመጨረሻ ሰፊው የእግረኛ መንገድ መሃል ላይ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ዙሙን ስስብ አንዲት ዘንቢል የያዙ ሴት መጥተው ከኋላቸው ቆሙ። ቀጥሎ አንድ ወጣት፣ ቀጥሎ ሁለት ተማሪዎች። የታክሲ ሰልፍ መስሏቸው እኮ ነው! ስድስት ሰባት ሰው ከተሰለፈ በኋላ ሴትየዋ «አባባ፣ የቦሌ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ «የፎቶ ነው! ግን እንድትደበዝዙ እስቲ ትንሽ ራቅ በሉልኝ!» አሏቸው። ሴትየዋ በሳቅ እየፈረሱ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ሰልፉም ተከተላቸው። አነሳሁ። የጋሽ እንድሪስ ፂም አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ሰልፉ ግን ቀለም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። መንገድ ላይ እልል ብዬ ጮህኩ። ያ ፎቶ ዛሬም ሱቃቸው መስኮት ላይ አለ።

እሑድ ምረቃው ደረሰ። ልጅቷን በጋዋኗ ቤታቸው ግቢ መሃል አቁሜ፣ እንደተባልኩት አድርጌ አነሳሁ። የውሃ ታንከሩም የቆርቆሮ አጥሩም ድራሻቸው ጠፋ። ወይዘሮ አስካለ አዩና «ጫማዋስ?» አሉ። «ልጄን እግሯን ቆረጥሽብኝ እኮ! ያን ሁሉ ዓመት በምኗ ተመላልሳ ነው የተማረችው?» ራቅ ብዬ ጫማዋን ሳስገባ ታንከሩም አብሮ ይመጣል። ወይዘሮ አስካለ ባለ ትልቁን ካሜራ ሊጠሩ ስልካቸውን አወጡ። እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ለካ መፍራቴን በዋዜማው የነገርኳቸው ጋሽ እንድሪስ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። ካሜራቸውን አንግተው በበሩ ገቡና ለወይዘሮ አስካለ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ዘገየሁ። እኔ ረዳቷ ነኝ። ፊቱን እሷ ታነሳለች፤ ጫማውን ለእኔ ትታልኝ ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ሽበታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንዲህ ያለ ረዳት አላት እንዴ?» ብለው ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ መለሱ። ጋሽ እንድሪስ በዚያ ዕድሜያቸው እየተንበረከኩ ቀኑን ሙሉ ጫማ ሲያነሱ ዋሉ። እኔ ግን ሥራው እንዳያመልጠኝ ፈርቼ፣ «አስተማሪዬ ናቸው» ሳልል ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራ አጥቼ አላውቅም። በኋላ ይቅርታ ስጠይቃቸው «መቼ ዋሸሁ? አግዤሻለሁ አይደል?» ብለው ሳቁብኝ።

ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ ወይዘሮ አስካለ መጡ። ያን ሁሉ ሐዘንተኛ አልፈው እኔ ዘንድ ደረሱና ትከሻዬን አቀፉኝ። «ልጄ፣ ረዳትሽን አጣሽ አሉ፤ እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ። የጋሽ እንድሪስ ልጆች ሰምተው ከነእንባቸው ሳቁ። እኔ ግን አሁንም እውነቱን በ«አሜን» አለፍኩት።

ጋሼ፣ ያን እሑድ የዋጥኩትን ዛሬ የሚያውቅዎት ሁሉ እየሰማ ልናገረው፤ ረዳቷ እኔ ነበርኩ። ነገ ወይዘሮ አስካለ ቤት ሄጄ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ። ደህና ይሁኑ፣ አለቃዬ።