ከጭላሎ ጫፍ በታች ያለው ቤት

ትናንት የእህቴ ልጅ ከገጠር ወተት ይዞልኝ መጣ። እቃው በወይራ የታጠነ ነው። ክዳኑን ስከፍት፣ ገና ሳልቀምሰው፣ ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ሆዴ በወተት ጢም ብሎ ሽቅብ ወደ ጭላሎ ተራራ እያየሁ የተነጫነጭኩበት ቀን መጣብኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። "ምን ሆኑ?" አለኝ ልጁ። ለሱ የነገርኩትን ላንተም ልንገርህ።

እኔ ጭላሎን እንደ ጓሮዬ ነው የማውቀው። ጉራ አይደለም፤ ስንቱን ሰው ይዤ ወጥቼ በደህና አውርጃለሁ። ያኔ ግን የአስረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ ተራራውን የማውቀውም ከአሰላ ሆኜ በማየት ብቻ ነበር። ቢሆንም በራሴ መተማመኔ ከዛሬው አያንስም። ከክፍላችን በሩጫ የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ይህን ደግሞ ሳልጠየቅም እናገር ነበር።

አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ጊዜ ቀርቶት ነበር። የቅርብ ጓደኛዬ ከከተማው በላይ ካለው የገብስ አገር እየተመላለሰ ይማራል። አባቱ ጭሰኛ ናቸው። በዚያ ዓመት ባለመሬቱ ትራክተር አስመጣና አዝመራው እንደተሰበሰበ ጭሰኞቹ እንዲለቁ ተነገራቸው። የጓደኛዬ ቤተሰብም ከብቱን ነድቶ ወደ ባሌ ሊሄድ ቆረጠ። እኛ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ጭላሎ ጫፍ ላይ አብረን ልንቆም ተማምለናል። ከዚያ ሲያዩት ዝዋይ ሐይቅ እንደ ታጠበ ትሪ ያበራል ሲሉ ሰምተናል። እንግዲህ ከመሄዱ በፊት መውጣት አለብን፤ ሌላ ጊዜ የለንም።

እቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቁጢጥ ብዬ በእንጨት መሬት ላይ ጫርኩለት፦ ጎህ ሲቀድ መነሳት፣ እኩለ ቀን ላይ ጫፍ መድረስ፣ ሲመሽ ቤት መግባት። ስንቃችን በሶ ነው። እናቴ "ብርዱ ድርቅ ያደርግሃል" ብላ የአባቴን ካፖርት አሸከመችኝ። አንድ ነገር ብቻ ለጓደኛዬ ተውኩለት። "መንገዱን አንተ ምረጥ፣ አገሩ ያንተ ነው" አልኩት። እቅዴን ያፈረሰው ይሄ ነው።

እሱ በመረጠው መንገድ ላይ ዘመዱ ያልሆነ ቤት አልነበረም። የአርሲ ሰው ደግሞ የዘመዱን ደጅ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ካለፈ ተቀይሟል ማለት ነው። ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ሰላምታው ይጀመራል። "አካም ጅርቱ? ነጋ? ሎን ነጋ? እጆሌን ነጋ?" የሰዉም የከብቱም የልጆቹም ደህንነት በየተራው ይጠየቃል። ከዚያ ወተት ይመጣል፤ አልጠጣም ማለት ነውር ነው። ከዚያ ደግሞ ከየት ተነሳችሁ፣ ማን ቤት ገባችሁ፣ ምን አሏችሁ ይባላል። ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ መተረክ ነው። ቤት በጨመርን ቁጥር ተረኩም ይረዝማል፣ ሆዳችንም ይነፋል።

"ተራራ ነው የምንወጣው ወይስ ሠርግ ነው የምንጠራው?" አልኩት ከአንዱ ቤት ስንወጣ።

"ዝም ብለህ ጠጣ፤ ትንሽ ብትወፍር ምን አለበት?" አለኝ።

ኦሮምኛ የሰፈሬ ቋንቋ ነው፣ የሚባለው ሁሉ ይገባኛል። በየቤቱ ሊነሳ ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርግና "አባባ ከብቱን ሊያነሳ ነው፤ ባሌ ልንሄድ ነው" ይላል። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁታል። አንዲት ሴትዮ ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅም አሉ። እኔ ተራራ ልወጣ ነበር የመጣሁት፤ እሱ አገሩን ይሰናበት ነበር። አንጀቴን በላኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ፀሐይዋ እየሄደች ነው፣ እኔ ደግሞ ሁለቱም እንዲሆንልን ነበር የምፈልገው።

ገብሱ አልቆ ኮሶው፣ ኮሶው አልቆ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ጀመረ። የረገጥነው ጦስኝ ከእግራችን ሥር ይሸታል፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አስታው አፋፍ ላይ የመጨረሻው ቤት አለ፤ የአባቱ እህት፣ እሱ አዳዳ የሚላቸው፣ የሚኖሩበት። ጫፉ ከቤቱ በላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፀሐይዋ ግን አዘንብላለች።

"አሁን ሳንገባ ከሄድን እንደርሳለን። ስንመለስ እንገባለን" አልኩት።

"ስንመለስ ይጨልማል። አዳዳን በጨለማ አልሰናበታትም። አንተ ሂድ፣ እዚሁ እጠብቅሃለሁ።"

እልህ ይዞኝ ሄድኩ። ወተቱ ሆዴ ውስጥ እየተንቦጫረቀ፣ አስታውን በክርኔ እየገፋሁ ወጣሁ። እንደምደርስ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ዛሬም እርግጠኛ ነኝ። ዞር ስል ግን ጓደኛዬን ደጃፉ ላይ አየሁት። አክስቱ ትከሻው ላይ ተደፍተዋል፣ እሱ እንደ ትልቅ ሰው ጀርባቸውን ይደባብሳል። ዝዋይን ብቻዬን አይቼ ምን ልለው ነው? ወረድኩ።

አክስቱ እሳት ዳር አስቀመጡኝ። እንባቸውን ጠርገው ጨርሰዋል።

"ወዴት ስትሮጥ ነበር?" አሉኝ።

"ጫፉ ላይ ልወጣ ነበር።"

ወደ ላይ አየት አድርገው ወደኔ ተመለሱ። "እዚያ ላይ ማን አለህ?"

ጓደኛዬን ሳቅ አፈነው፣ ወተቱ ትን አለው። እኔም የቀረበልኝን ወተት አንስቼ ጠጣሁ።

እዚያው አደርን። ጠዋት ጭላሎን ጉም ውጦት ነበር፣ ቁልቁል ተመለስን። መለያያችን ላይ ካፖርቱን አለበስኩት። "አባትህ ይገድሉሃል" አለኝ እየቆለፈው። በሳምንቱ ከብቶቻቸውን እየነዱ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ መሬት ላራሹ ታወጀ። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ያ ማሳ የነሱ ይሆን ነበር። ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ባሌ ድረስ እየሄድኩ ጠየቅሁ፣ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም።

ጫፉን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ወጥቼዋለሁ። ዝዋይም እንደተባለው ያበራል። ግን አንድም ቀን የአክስቱን ደጅ አልፌ አላውቅም። በሄድኩ ቁጥር የጓደኛዬን ወሬ ይጠይቁኛል፤ የለኝም። "እንግዲያው ያንን ቀን ንገረኝ" ይላሉ። ከመጀመሪያው ቤት እጀምራለሁ። ቤት ከዘለልኩ ይመልሱኛል።

ለመጨረሻ ጊዜ ስሄድ ዓይናቸው ፈዞ ነበር። እጄን ይዘው አዳመጡኝ። ቤቶቹን አንድ በአንድ አልፌ፣ እሳታቸው ዳር ደርሰን፣ የጓደኛዬን ሳቅ ነግሬያቸው ወደ ጠዋቱ ልሻገር ስል እጄን ጠበቅ አደረጉት።

"በቃ፣ እዚህ ላይ ተወው" አሉኝ። "ጠዋቱን አትንገረኝ። እዚሁ እደሩ።"