እስከ ቤት የምትበቃ ሲሊንደር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከባሕር ዳር የሁለት የአየር ሲሊንደር ፎቶ ላከችልኝና ወዲያው ደወለች። ከጓደኞቿ ጋር ፔይንትቦል የሚሉትን፣ ጎልማሶች በቀለም ጥይት የሚተኳኮሱበትን ጨዋታ ልትከፍት ነው፤ ጠመንጃው የሚሠራው በታመቀ አየር ነው አለችኝ። «እማዬ፣ አንቺ ቡሬ ላይ የብረታ ብረት ሱቅ ይዘሽ የኖርሽ ነሽ፣ ዕቃ ታውቂያለሽ። ትንሿ ቀላል ናት፣ ግን ቶሎ ታልቃለች። ትልቁ ይበረክታል፣ ግን ወገብ ይቆርጣል። የቱን ልግዛ?» ቆይቼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

እንዲህ ያለ ምርጫ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔ ፍኖተ ሰላም ተማሪ ነኝ። አባቴ ሳንባቸውን ታመው እዚያው ከተማ ሆስፒታል ተኝተው ከርመዋል። ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም ሲለን አባቴ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤታቸው ገብተው እናቴን ተሰናብተው መሞት። እናቴ በእግር ሕመም ከአልጋ አትወርድም ነበርና ወደ እሳቸው ልትመጣ አልቻለችም።

ቤታችን ከገበዝ ማርያም ማዶ ነው። እስከ ገበዝ ማርያም መኪና አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቃሬዛና የሰው ትከሻ ነው። ነርሷ አንዱን ምረጡ ብላ ሁለት የኦክስጅን ሲሊንደር አሳየችን። ትልቁ እኔን ያህላል። ትንሿን አንድ ሰው በብብቱ ይዟት ይሄዳል። የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ታደለ ትልቁን ነቅነቅ አድርጎ አየና «ሰው እንሸከም ወይስ ብረት?» አለ። ነርሷም የመንገዱን ርቀት ጠይቃ «መንገድ ላይ ካልቆማችሁ ትንሿ ታደርሳችኋለች» አለችን።

«ምን ያቆመናል!» አለ አያ ታደለ። ሁላችንም እውነቱን ነው አልን።

ጥቅምት ነበር። ባቄላው እሸት ይዟል፣ ገብሱ ቢጫ ማለት ጀምሯል፣ የክረምቱ ጭቃ የበሬ ኮቴ እንደታተመበት ደርቋል። የእኔ ሥራ ከቃሬዛው ጎን እየሄድኩ ጭንብሉን ማስተካከልና የሲሊንደሯን መለኪያ ማየት ነበር። ሲሊንደሯ በአባቴ ጉልበቶች መካከል ተኝታ እሽሽ ትላለች።

ያላሰብነው ገበያውን ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ ነበር። በእኛ አገር ቃሬዛ ያገኘ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ሸክሙን ያስቀምጣል፣ «እግዜር ይማርዎ» ይላል፣ ጥቂትም ቢሆን ትከሻውን ያግዛል። አባቴ ደግሞ ያላስታረቁት ሰው አልነበረም፤ ገበያተኛው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሰው በመጣ ቁጥር «አውርዱኝ» ይላሉ። በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሰላምታ መቀበል ለእሳቸው ነውር ነው። መሬት ላይ ሲሆኑ ጭንብሉን ገለጥ ያደርጉና ይመርቃሉ። አንዲት ሴት እሸት ባቄላ በእጃቸው አስጨበጠቻቸው፤ ተቀብለው አሸተቱት።

«አባባ፣ በእጅዎ ብቻ ይመልሱላቸው፤ አየሩ ያልቃል» አልኳቸው።

«የሰው ሰላምታ ይታለፋል እንዴ፣ ልጄ? እኒህ እኮ ነገ ሊቀብሩኝ የሚመጡ ናቸው።»

ከሰፈራችን በታች ወዳለው ወንዝ ስንቃረብ ጎረቤታችን ደሴ መጣ። በድንበር ተጣልቶ ከአባቴ ጋር ከተኳረፈ ዓመታት አልፈውታል። ቃሬዛውን ሲያይ አህያውን ለቀቀና ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስቶ አንገቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። «ይቅር ይበሉኝ፤ ስለ ማርያም ይቅር ይበሉኝ» አለ እያለቀሰ።

«አውርዱኝ» አሉ አባቴ።

ዕርቅ በጥድፊያ አይሆንም። ከገበያተኛው ሽማግሌ ተፈለገ፣ ሁለቱም የበደሉትን ተናገሩ፣ ድንጋዩ ወረደ፣ ተሳሳሙ፣ ተመረቁ። እኔ የመለኪያዋን መርፌ እያየሁ «አያ ታደለ፣ እያለቀ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አያ ታደለ የቃሬዛውን እንጨት ያዘና መልሶ ለቀቀው። በዕርቅ መሐል ቃሬዛ ማን ያነሣል?

ወንዙን ስንሻገር የሲሊንደሯ ድምፅ ጠፋ። ያን ጊዜ ተሸካሚዎቹ ሮጡ። ደሴም የቃሬዛውን የፊት እንጨት ይዞ ሮጠ። የቤታችን ባሕር ዛፍ ከሚታይበት ዳገት ላይ አባቴ እጄን ጨበጥ አደረጉኝ፣ ከዚያ ለቀቁኝ።

ለቅሶው ጋብ ሲል እናቴ ወደ አልጋዋ ጠራችኝ። «መንገድ ላይ ማንን ማንን አገኙ?» አለችኝ። የምትጽናና መስሎኝ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ የደሴንም ዕርቅ ጭምር። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ደግ አደረጉ» አለች። «አገሩን ሁሉ ተሰናበቱ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ።»

ዛሬ የአባቴን ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ያ ቃሏ ግን አሁንም አንጀቴን ይበላዋል። የምናደድበት ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር። ነርሷም አያ ታደለም ልክ ነበሩ። ደሴን ልጠላው ሞከርኩ፤ በተዝካሩ ቀን ላቡ እየተንጠፈጠፈ እንጨት ሲፈልጥልን ሳየው አቃተኝ። ትልቁን ብንወስድ ኖሮ ብዬም አስባለሁ። ግን አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ አየሩ በበረከተ ቁጥር አውርዱኝ ማለታቸውም ይበዛ ነበር። ለልጄም የቱን ግዢ እንደምላት ስላላወቅሁ እስካሁን አልደወልኩላትም።

በዚያ መንገድ ሁሉ የእናቴን ስም አንድ ጊዜም አላነሱም። እንደሚያገኟት እርግጠኛ ነበሩ። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ስለ እኔ ምን አሉ?» ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ እዋሻት ነበር፤ የምዋሻትንም ቃል እስከ ዛሬ አዘጋጅቼ ይዣለሁ።