የቴፑ ስፒከር

የጊታሬ አምፕሊፋየር የመስታወት ቱቦዎቹ ሲግሉ አቧራ አቧራ ይሸታል። ያን ጊዜ በወደቡ ከተማ ሃሊሳ ሰፈር የነበረው ቤታችን ትዝ ይለኛል።

ተማሪ ሳለሁ ለጀማሪ የሚሆን አምፕሊፋየር ራሴ ገጣጥሜ ስፒከር አጣሁለት። አባቴ ከወደብ ሥራው ሲገባ ነገርኩት፤ አሮጌውን ቴፕ ፈታታው። ጎንደር የቀረችው አያቴ ድምጿን በካሴት ቀድታ ትልክለት ነበር፤ እሱም በዚያ ቴፕ ብቻውን ያዳምጣት ነበር። ከሞተች ወዲህ ከፍቶት አያውቅም።

«ውሰጂው» አለኝ ስፒከሩን እየሰጠኝ። «ብቻ በኃይል አታስጩኺው፤ እማዬ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።»

«ቤሰደር፣ አባዬ» ብዬ በዕብራይስጥ እሺ አልኩት።

ዛሬም አምፕሊፋየሩን ከከፈትኩ በኋላ የጊታሬን ክር ሳልነካ እቆያለሁ። ከስፒከሩ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይወጣል፤ አያቴ መናገር ከመጀመሯ በፊት ካሴቱ እንደዚያ ይል ነበር።