አባቴ ካምፑ ድረስ የመጣ ዕለት

አባቴ መርካቶ ውስጥ ክር፣ ቁልፍና የልብስ ስፌት መርፌ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ቀኑን ሙሉ መርፌ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው የእኔን መርፌ ግን ማየት አይችልም። በአሥር ዓመቴ የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ከታወቀ ጀምሮ እናቴ ጠዋት ጠዋት ከሲኒማ ራስ ጀርባ ወደሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ድሬሰር ቤት እየወሰደች ታስወጋኝ ነበር። አባቴ ቀድሞን ከቤት ይወጣል። ማታ ሲገባም "ተወጋሽ?" ብሎ አይጠይቅም። በልጅ አእምሮዬ የጠላኝ ይመስለኝ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው የሚገኘው። ለሰፈራችን ሰው የስኳር በሽታ የሀብታም ሽማግሌ በሽታ ነው። ጎረቤቶች "ይቺ ልጅ የቤቱን ራሽን ብቻዋን ጨረሰችው እንዴ?" እያሉ ሲስቁ እናቴ ታፍራለች። ስለዚህ በሽታዬ ተደበቀ። መሮጥ ተከለከልኩ፤ ገመድ መዝለል ተከለከልኩ። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ቁልፎችን በየቀለማቸው እለይ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ የምታከምበት ክሊኒክ ነርስ ለእናቴ አንድ ነገር ነገረቻት። በግማሽ ዓመቱ እረፍት፣ ደብረ ዘይት ሐይቅ አጠገብ ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ስኳር ያለብን ልጆች አምስት ቀን አብረን የምንጫወትበትና ራሳችንን መንከባከብ የምንማርበት ካምፕ ተዘጋጅቷል። አባቴ ሲሰማ "አይሆንም" አለ። በሦስተኛው ቀን ነርሷ ራሷ ሱቁ ድረስ መጣች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።

"ጋሼ፣ ልጅቷን ለምን ከለከሏት?"

"ሲስተር፣ ጤነኛ ልጅ እንኳ ከእናቷ ተለይታ አታድርም። ደግሞስ ሥጋውን የሚያርደው ማነው?"

"እስላም አራጅ አለን። የሙስሊም ልጆች ምግብ ለብቻው ነው የሚሠራው።"

"መድኃኒቱስ? እዚያ ፍሪጅ አለ?"

"እዚህስ አለ እንዴ?" አለችው እየሳቀች።

እውነቷን ነው። የእኔ ኢንሱሊን የሚቀመጠው በእርጥብ አሸዋ በተከበበ ማሰሮ ውስጥ ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝና "ትሂድ" አለ። በማግስቱ እናቴ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አስወጣችልኝ።

ካምፑ ውስጥ አሥራ አራት ልጆች ነበርን። እንደኔ ያለ ሌላ ልጅ አይቼ አላውቅም ነበርና መጀመሪያ ሁሉንም አፍጥጬ ነው ያየኋቸው። ጠዋት ሽንታችንን ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር በመስታወት ቱቦ እናፈላለን፤ ቀለሙ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ጥሩ ነው፣ ወደ ጡብ ቀለም ከሄደ ስኳሩ በዝቷል። የማን ሰማያዊ እንደሆነ ለማየት እንጋፋለን። ከዚያ መርፌ ነው። ከናዝሬት የመጣች የእኔ እኩያ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ የአክስቷን ሠርግ እያወራችልኝ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ጭኗን ወጋች።

"አያምሽም?" አልኳት።

"ያማል እንጂ። ግን ያልቃል። አንቺን ማነው የሚወጋሽ?"

"ድሬሰሩ ናቸው።"

"እስከ መቼ?"

ያን ቀንም የወጋችኝ ነርሷ ናት።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዘበኛው ነርሷን ጠራት። ዞር ስል አባቴ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ በሩ ላይ ቆሟል።

"ለዕቃ ግዢ መጥቼ ሳልፍ ነው" አለ።

ከመርካቶ ተነስቶ ደብረ ዘይት ክር ለመግዛት የሚመጣ ነጋዴ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ነርሷም ታውቃለች።

"እንግዲያው ዕቃው ይቆይ፤ ዛሬ ከልጆቹ ጋር ይማራሉ" ብላ አስገባችው።

አባቴን የሚያህል ሰው በልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ነርሷ ሲሪንጅና አንድ ብርቱካን ሰጠችው። "ቢስሚላህ" ብሎ ወጋው። ልጆቹ ሲያጨበጭቡለት አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ቀጥላ ለእያንዳንዳችን በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አደለችን፤ ኪሳችን ውስጥ መቀመጥ አለበት።

"ስኳር ላለባት ልጅ ስኳር?" አለ አባቴ።

"መድኃኒቱን ወስዳ ብዙ ከሮጠች ስኳሯ ከልክ በላይ ይወርዳል። ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች። ያኔ ይኼን ካልቃመች ትወድቃለች።"

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ኳስ ተጫወትን። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጥኩ፤ ማቆምም አልፈለግሁም። ድንገት መላ ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላብ አጠመቀኝ፣ የልጆቹ ድምፅ ራቀብኝ። ሁሉንም ቀድሞ ያየኝ አባቴ ነው። እየሮጠ መጥቶ ያዘኝና "ሲስተር!" ብሎ ጮኸ።

እሷ አጠገቡ ደርሳ ቆመች፤ አልነካችኝም። "ጋሼ፣ የሚያደርጉትን ያውቁታል" አለችው።

አባቴ ኪሴን ፈተሸ፣ ወረቀቱን በጥርሱ ቀደደና ስኳሩን አፌ ውስጥ አደረገልኝ። "ዋጪ፣ ልጄ። ዋጪ።" ጥላ ሥር አስቀምጠው ዳቦ ሰጡኝ፤ አባቴ ዓይኑን ሳይነቅል ያየኝ ነበር። ቀስ በቀስ ድምፆቹ ቀረቡ፤ መንቀጥቀጡም ተወኝ። ነርሷ ዳግመኛ አይታኝ "አሁን ደህና ናት፤ ከፈለገች ትጫወት" አለች።

አባቴ ወደ ቤት የሚወስደኝ መስሎኝ ነበር። ሜዳውን አየ፣ እኔን አየ፤ ደግሞ ሜዳውን።

"ሂጂ" አለኝ በመጨረሻ። "ቀስ ብለሽ ግን።"

ያን ዕለት አልተመለሰም፤ ካምፑ እስኪያልቅ ከዘበኛው ጋር አደረ። በማግስቱ ጠዋት ሲሪንጁን ራሴ ያዝኩ። ለረጅም ጊዜ ጭኔን እያየሁ ቆየሁ። የናዝሬቷ ልጅ "እኔም መጀመሪያ ቀን አልቅሻለሁ" አለችኝ። ወጋሁት። ቀና ስል አባቴ ፊቱን አላዞረም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዱከምን ስናልፍ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። አገር ቤት ታናሽ ወንድም ነበረው። በስምንት ዓመቱ ውሃ ጥም ያዘው፤ ሲጠጣ ይውላል፣ እየከሳ ሄዶ በወሩ ሞተ።

"ውሃ የማመላልስለት እኔ ነበርኩ" አለኝ። "አንቺ ውሃ ውሃ ማለት ስትጀምሪ እሱን ነው ያየሁት። መርፌው አይደለም ያስፈራኝ።"

"እንደማትወደኝ ነበር የማስበው" አልኩት።

ጭንቅላቴን ስቦ ደረቱ ላይ አስደገፈኝ። አውቶቡስ ተራ እስክንደርስ እንደዚያው ነበርን።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ድሬሰሩ ቤት ለምስጋና ካልሆነ አልሄድንም። ጠዋት ውሃውን የሚጥደውና ሲሪንጁን የሚቀቅለው አባቴ ነው፤ የምወጋው እኔ። ሱቅ ለሚመጣ ሰው ሁሉ "ልጄ ስኳር አለባት፤ ራሷን ነው የምትወጋው" ይል ጀመር። እናቴ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ኋላ ለመደችው። አንድ ቀን ከመሳለሚያ አካባቢ የመጣች ሴት ይህን ሰምታ የእሷም ልጅ እንደታመመባት በሹክሹክታ ነገረችው። እኔና እናቴ ይዘናቸው ክሊኒክ ሄድን።

በዓመቱ ካምፑ እንደገና ሲከፈት ከመሳለሚያዋ ልጅ ጋር አብረን ሄድን። ያን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ሠራተኞች አንዱ ብስክሌቱን አውሶን መንዳት እንለማመድ ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ማንም ከኋላ ሳይዘኝ፣ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞርኩት።